በዘነበች ፈንታ የመለስኩት መልስ

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ መልስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የጎረቤቴ ልጅ ምንተስኖት በሬን አንኳኳ። ምንተስኖት እዚሁ ዲላ ሥነ ልቦና የሚያስተምር፣ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዘንድሮ ለዶክትሬት ተቀብለውታል። በብብቱ ወፍራም ጥራዝ ይዟል፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት የወጣው በዚያው ሳምንት ስለሆነ የጀርባው ሙጫ ገና ይሸታል። ለሁለት ጉዳይ ነው የመጣሁት አለኝ። አንደኛው የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ የሚል ነው፤ ክሊኒካል፣ ካውንስሊንግ፣ ሶሻል፣ የትምህርት፣ የምዘና እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ። ሁለተኛው ግን ለእሱ የደስታ ነበር። ጥራዙን ከፈተና የምስጋናውን ገጽ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ለካ ታዋቂ ሰው ነዎት» ብሎ ሳቀ። ስሜ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፤ አስተርጓሚዬ መምህር ታደሰ፣ ያለ እሱ ይህ ሥራ ባልተሠራ ይላል። ሽፋኑ ላይ ያኔ ያስተረጎምኩላት የሂሩት ስም አለ። ወንበሩ ላይ ዘፍ ስል ልጁ ደነገጠና ሻይ ላፍላልዎ አለኝ፤ ስኳሬ የወረደ መስሎታል። ያንን መጽሐፍ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ስፈራው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ያኔ ዲላ እንዲህ አልነበረችም። ከመናኸሪያው ማዶ አሁን ባንክ የቆመበት ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚከፍተው ዘፈን ይርጋ ጨፌ እስክንደርስ ጆሯችን ውስጥ ይቆያል። እኛ አማኞቹ ዘፈን አንሰማም እንላለን እንጂ ግጥሙን ሁሉ በቃላችን እናውቀው ነበር። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከነቦምቦሊኖው ሃምሳ ነው። እኔ ከሰልባጅ ተራ የገዛኋት ግራጫ ኮት ነበረችኝ፤ ክርኗ ቢሳሳም ኪሷ ሰፊ ነው፣ እስክሪብቶ ሦስት አራት ሰክቼባት ስሄድ የሆነ መሥሪያ ቤት ሹም እመስል ነበር። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ስቆም ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ያንባርቁብኛል፣ ተሻገሩ አባባ ይሉኛል። ኮቷን ግን ዛሬም አልጣልኳትም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አለች፣ ለምን እንደማልጥላት አላውቅም።

አስተርጓሚነቱ የመጣልኝ እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ያኔ ይርጋ ጨፌ አስተምር ነበር፤ ጌዴኦኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፣ አማርኛው በትምህርት የመጣ ነው፣ እንግሊዝኛም መዝገበ ቃላት ከያዝኩ አላፍርም። ውጭ አገር ዶክትሬት የሚማሩ ሰዎች ለጥናታቸው ወደ እኛ ሲመጡ አንዱ ለሌላው ስሜን ያቀብል ጀመር። የመጀመሪያው የትምህርት ሥነ ልቦና የሚያጠና፣ አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። ገደብ በሚባል ቦታ ሕፃናቱን አንድ በአንድ እያስጠራ ቅርጽ ያስገጣጥማቸዋል። በእሱ ዘርፍ የሚማሩት ልጅ እንዴት እንደሚማር፣ ያየውን እንዴት እንደሚያስታውስ፣ ምን እንደሚያነሳሳው፣ አንዱ ሲቀድም ሌላው ለምን ወደኋላ እንደሚቀር ነው። ይህን መኪና ስንጠብቅ በትዕግሥት አስረዳኝ። እኔ ደግሞ ልጆቹ ሲጨነቁ አንጀቴን ይበሉኛል፤ ጥያቄውን በጌዴኦኛ ስነግራቸው ከመልሱም ሸረፍ አድርጌ አብሬ አቀብላቸው ነበር። በኋላ የገደብ ልጆች ጎበዞች ናቸው ብሎ መጻፉን ስሰማ ኮራሁ።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ቀጭን ሰውዬ ዘርፉ ምዘና ነው። ይኼኛው የሚያጠናው ሰውን ሳይሆን ጥያቄን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሚማሩት ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዛሬ የተጠየቀ ሰው በወሩ ቢጠየቅ ያንኑ ይመልስ እንደሆነ፣ ከተማ ውስጥ ሐዘንን የለካ ጥያቄ ገጠር ሬኮ ሲደርስ ሐዘንን ይለካል ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ነው፤ ስሌቱም መዓት ነው። ሬኮ ሁለት ጊዜ ወሰደኝ፣ እነዚያኑ ሰዎች እነዚያኑ ጥያቄዎች ለመጠየቅ። በሁለተኛው ጊዜ ሰዎቹ ሌላ ሌላ ነገር ሲመልሱብኝ ሰውዬው እንዳይከፋው የመጀመሪያውን እያስታወስኩ ደገምኩለት። በሥራው ረክቶ ሄደ። ሦስተኛዋ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የምታጠና ሴት ነበረች፤ ሰው ብቻውን ሲሆንና ከሰው መሐል ሲሆን ለምን እንደሚለያይ፣ እኛ እና እነሱ መባባል ከየት እንደሚጀምር የሚማሩበት ነው። ከእሷ ጋር ገበያ መሐል ስንውል ነጋዴው የሚሳደበውን ሁሉ እኔ ወደ ጨዋ ንግግር እመልሰው ነበር። እንግዲህ ይህንን ስህተት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ፊት ችግሩን አያወጣም፤ ደህና ነን ይላል፣ ወንበር ያቀርባል። እኔም ነገር አሳምሮ ማቅረብ ሙያ መስሎኝ፣ የሁለቱንም ወገን ፊት የምጠብቅ ሰው ነኝ ብዬ በራሴ እመካ ነበር። ሞኝነቴ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሂሩት የመጣችው ቡና መቅላት ሲጀምር ነው። ሸራ ጫማ፣ የጂንስ ቀሚስና ትልቅ የወንድ ጃንጥላ ነበራት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጌዴኦኛ አንድ ቃል አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ዶክተር ስላት፣ ገና ነኝ ጋሽ ታደሰ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ነው እያለች ትስቅ ነበር። የእሷ ዘርፍ ክሊኒካል ነው። የምትማረው ከሌሎቹ ሁሉ ረጅም መሰለኝ፤ የአእምሮ ሕመም ዓይነቱ፣ ሐዘንን ከሕመም እንዴት እንደሚለዩት፣ ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ ከበላይ ሐኪሞች ሥር ሆኖ በሽተኛ ፊት መቀመጥ። ካውንስሊንግ የሚማሩት ጓደኞቿ ይበልጥ ኑሮ የከበደውን፣ መንገድ የጠፋበትን ሰው ማገዝ ላይ ያተኩራሉ፤ ክሊኒካል የሚማሩት ደግሞ ሕመሙ የጠናበትን፤ ብዙ ቦታ ላይ ግን ይገናኛሉ አለችኝ። ከሁሉ የከበዳት ዝም ብሎ መስማትን መማር እንደነበረም ነገረችኝ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት አንድ ወረቀት አስፈረመችኝ። የሚሉትን ሁሉ፣ የሚሉትን ብቻ እተረጉማለሁ ይላል። ከሰልባጇ ኮት ኪስ እስክሪብቶ መዝዤ በሚያምር ጽሕፈት ፈረምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ኢዲዶ ደረስን። ኢዲዶ የተወለድኩበት ነው። ያኔ ሞተር ብስክሌት የለም፣ ከይርጋ ጨፌ በእግር ነው የምንወጣው። የሚጠየቁት ሰዎች በዕጣ የወጡ ናቸው፤ ከወጡት ስሞች አንዱ ዘነበች ነበር። ዘነበች ታናሽ እህቴ ናት፣ ተከታዬ። ለሂሩት እህቴ ናት ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ብናገር በሌላ ሰው ትቀይራታለች ብዬ ፈራሁ፤ እኔ ደግሞ የእኛን ቤት እንድታይልኝ ፈልጌያለሁ። የዘነበች ባል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ግቢያቸው የተጠረገ፣ እንሰታቸው የበዛ። ዘነበች ራሷ በመንደሩ የታወቀች ቡና ለቃሚ ነበረች፤ ቡናው በሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ላይ አጎንብሳ የተበላሸውን ፍሬ ስትለቅም እጇን ማየት ነው እንጂ ዓይን አይከተለውም። ስታወራ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ ነው ነገሩን የምትናገረው። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ሳቁ ቀርቶ ነበር። እናቴ ድካም ነው ትል ነበር፤ እኛም ድካም ነው አልን።

ሕፃኑን አዝላ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጥያቄዎች አጭር አጭር መለሰች። ዘጠነኛው ጥያቄ በሕይወት መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል ወይ የሚል ነው። እኔ ጠየቅኳት። ዘነበች መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሂሩትን፣ ከዚያ መሬቱን። ሳትቸኩል ረጅም ነገር ተናገረች። ጠዋት ጠዋት እግዚአብሔርን የምለምነው እንዲወስደኝ ነው አለች። ልጆቹ ይይዙኝ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ያለ እኔ የሚሻላቸው ይመስለኛል፣ ብሄድ ደስ ይለኛል አለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ የቡና ዋጋ የምትነግረኝ ያህል ነው። የሽማግሌ ሚስት፣ የእኔ እህት፣ ለአዲስ አበባ እንግዳ፣ ወረቀት ላይ ሊጻፍ። ሂሩት እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። አንዳንዴ ይደክማታል፤ ግን በእግዚአብሔር ተስፋ አላት አልኳት። ሂሩት ዘነበችን አየት አደረገችና ጻፈች። ዘነበች አማርኛ ትሰማለች፣ ባትናገረውም ትሰማለች። ያልኩትን ሰምታለች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የሕፃኑን ማዘያ አጥብቃ አሰረችና አሥረኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

እስከዚህ ያለውን ለራሴ ይቅር ልለው የምችልበት ቀን ነበር። ልምድ ነው፣ እፍረት ነው፣ አላዋቂነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የማይለቀኝ። ዝናቡ ሲያባራ ይርጋ ጨፌ ወርደን ወደ ዲላ የሚመለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ሂሩት ሳልጠይቃት ስለ ዘጠነኛው ጥያቄ ማውራት ጀመረች። እሱ ጥያቄ ለጥናት ብቻ የተቀመጠ አይደለም አለችኝ። አንድ ሰው አዎ ካለ ሌላውን ጥያቄ ትታ ደብተሯን ዘግታ ከሰውዬው ጋር መቀመጥ አለባት፤ ቀጥታ ትጠይቀዋለች፣ ብቻውን አትተወውም፣ ቤተሰቡን ታነጋግራለች፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይዛው ትሄዳለች። ይህ ሕመም የሚታከም ነው አለች፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ የመጣ ከሆነ። ይህን ሁሉ ስትናገር መስኮቱን እያየች ነው። አሁን ብናገር መኪናው ይቆማል፣ ወርደን እንመለሳለን፣ ሳይመሽ ኢዲዶ እንደርሳለን። አሁን ብናገር ደግሞ የፈረምኩትን ወረቀት አፍርሻለሁ፣ እህቴ መሆኗን ደብቄያለሁ፣ የሰባት ሳምንት ሥራዬ ይቀርብኛል፣ ሂሩት ከእንግዲህ ጋሽ ታደሰ ብላ አትጠራኝም። በሚመጣው ቅዳሜ ራሴ ሄጄ ዘነበችን አነጋግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቅዳሜ ዝናብ ነበር። በሌላኛው ቅዳሜ የትምህርት ቤት ስብሰባ ነበር።

ከጠየቅናት በሦስተኛው ሳምንት ዘነበች ራሷን አጠፋች። መንደሩ ድንገተኛ ሕመም ነው አለ፣ ባሏም እንዲሁ አለ፣ መጋቢውም በቀብሩ ላይ እንዲሁ አለ፤ እኔም ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲሁ አልኩ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ለለቀስተኛው ያንኑ ስተረጉም ነበር ማለት ነው። ሂሩት ያኔ ሌላ ወረዳ ሄዳለች፤ ሐዘን ስላገኘኝ ነው ብዬ ቀሪውን ሥራ ተውኩላት፤ የማን ሐዘን እንደሆነ አልነገርኳትም። የዘነበች ልጆች በአባታቸው እህት ዘንድ አደጉ። ሕፃኑ፣ ያ ጀርባዋ ላይ የነበረው፣ ዛሬ ሐዋሳ ሾፌር ነው፤ በየበዓሉ ይደውልልኛል፣ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች አጎቴ ይለኛል። ትስቅ ነበር እለዋለሁ። ከዚያ ወሬውን ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ።

ምንተስኖት ሻዩን አቅርቦልኝ መጽሐፉን ወደ መሐሉ ገለጠ። ቢጫ ቀለም የቀባት አንዲት አንቀጽ አለች፤ እየተረጎመ አነበበልኝ። በዚህ መንደር ከተጠየቁት መካከል መኖር አስጠልቶኛል ያለ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ምናልባት እምነታቸውና መረዳዳታቸው ከተስፋ መቁረጥ ይጠብቃቸው ይሆናል ትላለች። ልጁ ዓይኑ አበራ። ከዚህች አንቀጽ ተነስቼ ነው ዶክትሬቴን የምሠራው አለኝ፤ የኢዲዶ ሰው ለምን ተስፋ አይቆርጥም የሚል። በሚመጣው ወር ወደ ኢዲዶ እወጣለሁ፣ አስተርጓሚም አግኝቻለሁ አለ። «ልክ እንደ እርስዎ መምህር ነው፣ ጋሼ። በጣም ጨዋ ልጅ ነው፤ ቋንቋውን ያሳምረዋል» አለኝ።

ያሳምረዋል የምትለዋን ቃል ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። የማላውቀው ጨዋ መምህር በማላውቃት ሴት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ለሚስቴ በሕይወት ሳለች ያልነገርኳትን፣ ለመጋቢ ያልነገርኩትን፣ ለዚህ በዳዴ ሲሄድ ለማውቀው ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ምንተስኖት መጀመሪያ ያለው፣ እንግዲያው ዳታው ልክ አይደለም ማለት ነው የሚል ነበር፤ ወዲያው ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። አልተቆጣሁትም። ያስተማሩት ስለ ዳታ ነው፤ ለሌላው ገና ነው። የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ ያልከኝን አላውቅልህም አልኩት፤ ሁሉም የሚማሩትን ነግረውኛል፣ ሁሉንም አበላሽቼባቸዋለሁ። የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን አድርጎ፣ «ዶክተር ሂሩት ማወቅ አለባት፣ ጋሼ» አለኝ። ስልኳ አለው፤ ዛሬም አዲስ አበባ ታስተምራለች፣ ስለ ጥናቱ ያማክራት ነበር። ደወለ፣ ማን ሊያናግራት እንደሆነ ነገራት፣ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ግቢ ወጣ።

ድምፅዋ ወፍሯል እንጂ ያው ነው። ሰላምታ ሳላስረዝም፣ ኢዲዶ ላይ ዘጠነኛውን ጥያቄ አጣምሜ ነግሬዎት ነበር አልኳት። የማን ብላ አልጠየቀችኝም። ሕፃን ያዘለችዋ ሴት አለችኝ። እህቴ ነበረች አልኳት። ነበረች ነው ያሉት ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ የሆነውን ነገርኳት፤ በስንተኛው ሳምንት እንደሆነም ነገርኳት። የመኪና ጥሩንባ ከጀርባዋ ይሰማል። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«ፊቷን አይቼዋለሁ፣ ጋሽ ታደሰ። እሷ የተናገረችው ረጅም ነው፣ እርስዎ የነገሩኝ አጭር። ልክ እንዳልሆነ ለማወቅ ጌዴኦኛ አያስፈልገኝም ነበር፤ ስንት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ዝናቡ መጥቷል፣ ሁለት ቤት ይቀረኛል። የነገሩኝን ጻፍኩ። መኪና ውስጥ ያን ሁሉ ያወራሁት እርስዎ እንዲናገሩ ብዬ ነው። ዝም ሲሉ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።»

ይህን ያህል ዓመት አንድ ነገር ይዞኝ ቆይቶ ነበር፤ እኔ ብናገር ኖሮ እዚያ መኪና ውስጥ የምታድናት ሰው ተቀምጣ ነበር የሚል። መራራ ነው፣ ግን ቢያንስ ከጠየቅናት ከሁለታችን አንዷ ንጹሕ ነበረች። አሁን ያቺ ንጹሕ ሰውም የለችኝም። ልቆጣ ፈለግሁ፣ ቁጣው አልመጣልኝም። ሂሩት፣ ዘነበች ያለችውን እሷ እንዳለችው፣ በራሷ ቋንቋ ይንገሩኝ አለችኝ። በጌዴኦኛ ነገርኳት፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ፣ ስለ ልጆቹ ያለችውንም ሳልዘል። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይተርጉሙልኝ አላለችም።